ሳያይ የመዘነው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው። ጥያቄህን ሰምቻለሁ ማንደፍሮ፣ ልዘለው ብዬ አይደለም። ልጄ ሐመልማል የሥዕል ኮሌጅ ካልገባሁ አለች፤ ክፍያው ከባድ ነው፤ እንጀራችን የሆነውን ሚኒባስ ልሽጥላት ወይስ እንደ ጓደኞቿ የሒሳብ ሥራ ተምራ ቶሎ ደመወዝ ትያዝ፤ ያዋጣል ወይ አባቴ፣ ብለኸኛል። እኔ የንስሐ አባትህ ነኝ እንጂ ነጋዴ አይደለሁም፤ ምን ያህል እንደሚያዋጣ አላውቅም። የማውቀው የዚህን ገበሬ ነገር ነው። እርሱን ልንገርህና ከዚያ ራስህ ፍረድ።

ገበሬው ሀብታም አልነበረም፤ ድሃም አልነበረም። ሁለት በሬ፣ ዓመት የሚያደርስ መሬት፣ ደግ ሚስትና አንድ ወንድ ልጅ ነበረው። በዚያ አገር ሁለት በሬ ያለው ሰው ጌታ ነው፤ የማንንም ደጅ አይጠናም። ዝናቡ ሲመጣ ጠምዶ ይወጣል፤ በጊዜው ይዘራል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ግን መቀናጆ ይፈልጋል። ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር አቀናጅቶ፣ ተራ እየጠበቀ ያርሳል፤ ተራው እስኪደርስ ዝናቡ ያልፍበታል።

ልጁ ለእርሻ የሚሆን አልነበረም። ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም፤ ያዘዙትን ይሠራል። ነገር ግን እጁ እርፍ ይዞ ሳለ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። የሰው አረማመድ ያያል፤ የሰው አቀማመጥ ያያል። ከሰል ካገኘ የቤቱን ግድግዳ፣ የእህል ጎታውን ሆድ፣ የበሩን ሳንቃ ሳይቀር ይሥልበታል። ጎረቤት ይመጣና «ይኼማ ቄሰ ገበዙ ናቸው! ጉልበታቸውን ሲያማቸው እንዲህ ነው የሚቆሙት» ብሎ ይስቃል። አባትየው ግን ጭቃ በጥብጦ ይለቀልቅበታል።

በዚህ መካከል አንድ ስሙ የተጠራ ሠዓሊ ወደ ሩቅ ደብር ሲያልፍ መሸበትና በገበሬው ቤት አደረ። እራት ቀርቦ ሳለ ዓይኑ ጎታው ላይ ወደቀ፤ እጁን ከመሶቡ ሰበሰበ።

«ይህን ማን ሠራው?»

ገበሬው አፈረ። «የልጅ ነገር ነው፤ ነገ እናጠፋዋለን» አለ።

ሠዓሊው ተነሥቶ ኩራዙን ወደ ጎታው አስጠጋና ብዙ ቆየ። ጠዋት ሲሰናበት ገበሬውን ለብቻው ጠራው።

«ልጅህን ስጠኝ። ከተራራው ማዶ ትምህርት ቤት አለኝ፤ ደቀ መዛሙርት ይማሩበታል። ስንቁን ከቤትህ ታቀርባለህ። ለቀለሙና ለትምህርቱ ደግሞ የአንድ በሬ ዋጋ ትከፍላለህ።»

«ሲጨርስ ምን ይሆናል?»

«ሠዓሊ ይሆናል።»

«ሠዓሊ ሆኖስ ምን ይበላል?»

«እሱን አላውቅም» አለ ሠዓሊው። «ካስተማርኋቸው ጠግቦ የሚያድር አለ፤ ጦሙን የሚያድርም አለ። ዓይኑን እከፍትለታለሁ፤ እጁን አሠለጥንለታለሁ። ስለ ጉሮሮው ግን ቃል አልገባልህም።»

ሐቀኛ ሰው ነበረ። ገበሬው ሸኝቶት ተመለሰና ሚስቱን «ሰማሽው? ራሱ አላውቅም አለ እኮ!» አላት።

«ሰማሁ» አለች። «አላውቅም ሲል ነው ያመንሁት።»

«ታዲያ በሬ ሸጠን ልጁ ጦሙን ሊያድር ነው?»

«በሬ ይዘንስ ጦማችንን ያደርንበት ጊዜ የለም? ልጁን እየው እስቲ። እዚህ ቢቀር በሬውን እየነዳ ይኖራል እንጂ አብሮን አይኖርም። ስንቁን እኔ አደርሳለሁ።»

ገበሬው ሚስቱን ይወዳት ነበርና በሬውን ገበያ አወጣ። ግን ልብ በል፤ ገመዱን ለገዢው አስረከበ እንጂ በሬውን ከልቡ አልሸጠውም። ከዚያ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር፣ መቀናጆ ፍለጋ ደጅ በጠና ቁጥር፣ ዘሩ በዘገየ ቁጥር፣ «በሬዬ ቢኖር ኖሮ» ይላል። ልጄ እየተማረ ነው አይልም፤ በሬዬ ተበላ ይላል።

ሚስትየው ቃሏን ጠበቀች። በሶና ሽሮ በስልቻ ትሞላለች፤ ታዝላለች፤ ተራራውን ተሻግራ ትሄዳለች። ገበሬው አንድም ቀን አብሯት አልሄደም፤ እርሻው አይለቀውም ነበር። ስትመለስ «እንዴት ነው?» ይላታል።

«ደህና ነው። እንዲያው የሠራውን ብታይለት…»

«ማየቱ ይቆየኝ። ይልቅ መቼ ነው የሚጨርሰው?»

እሷም ነገሯን ትውጠዋለች።

ልጁ ትምህርቱን ሊጨርስ በተቃረበበት ክረምት፣ ሴትየዋ ስንቁን አድርሳ ስትመለስ ተራራው ላይ ዝናብ ያዛት። ቤቷ ስትገባ ትንቀጠቀጥ ነበር። ተኛች፤ አልተነሣችም። ልጁ መርዶውን ሰምቶ ሲመጣ ለቀብሯ አልደረሰም፤ ለተዝካሯ ነው የደረሰው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አባቱ ብድግ አለና እንዲህ አለው፦

«በሬዬን በላህ፤ ሚስቴን በላህ። እንግዲህ ምን ቀረህ?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። ራሱም ይህንኑ ሲያስብ ነበር የመጣው።

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በሁለት ዝምታ ኖሩ። ልጁ የቀረችውን ትምህርት ሄዶ ጨርሶ ነው የተመለሰው፤ ነገር ግን ሥራ የሚሰጠው አላገኘም። በዙሪያው ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ቀደም ብለው የተሣሉ ናቸው፤ ዘመኑም ጥሩ አልነበረም። ከአባቱ ጋር ያርሳል፤ ያርማል፤ ይወቃል። በመንገድ ሲያልፍ «የበሬው ዋጋ መጣ» የሚሉ አሉ። ይህን የምነግርህ እንዳትሳሳት ብዬ ነው፤ ሠዓሊው እንደፈራው ልጁ ጦሙን ያደረባቸው ቀኖች ነበሩ። ትምህርት ሁሉ ዳቦ ይሆናል የሚልህን ሰው አትመነው።

አንድ ክረምት የደብራቸው መቅደስ ምዕራባዊ ግድግዳ በዝናብ ብዛት ተሰነጠቀ፤ የቀድሞው ሥዕል ከነልስኑ ረገፈ። ግድግዳው ተጠገነ። የደብሩ ሽማግሌዎች መከሩና «ከሩቅ ሠዓሊ ለማምጣት አቅም የለንም። የእኛው ልጅ ይሞክረው» አሉ። ለድካሙ እህል ሊሰፍሩለት ተስማሙ። ልጁም በጋውን ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሠራ። የሣለው የእመቤታችንን ስደት ነው፤ ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ግብፅ ስትሄድ፣ ዮሴፍ ከፊት፣ ሰሎሜ ስንቅ ተሸክማ ከኋላ።

መጋረጃው የተገለጠ ዕለት ሕዝቡ ገባ። እልልታ የጠበቀ ሰው ነበረ፤ እልልታው ግን ዘገየ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዳንዶቹ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ገበሬው ግን አልገባም። ከቅጥሩ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። ሽማግሌዎቹ ወጥተው «ግባና የልጅህን ሥራ እይ እንጂ!» ሲሉት እጁን ወደ ጉልላቱ መስቀል ዘርግቶ ማለ።

«በረቴ ውስጥ በሬ ተመልሶ ቆሞ እስካይ ድረስ ያንን ግድግዳ አላይም። ስለ እርሱም በፊቴ ማንም እንዳያነሣብኝ።»

ሰው የማለን ሰው ይፈራል፤ ያዘነን ደግሞ ይበልጥ ይፈራል። ትንፍሽ ያለው አልነበረም። ሊነግሩት የሚፈልጉት ነገር ነበራቸው፤ ግን መሐላው አፋቸውን ዘጋው። ልጁም አልተናገረም፤ የሠራውን አባቱ በዓይኑ እንዲያየው እንጂ በወሬ እንዲሰማው አልፈለገም። ገበሬው ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ የሚያስቀድሰው ከውጭ ሆነ።

ጊዜው ሄደ። ሥዕሉን ያዩ መንገደኞች ወሬውን ይዘው ሄዱ። መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ ደብር ልጁን ጠራው፤ ቀጥሎ ሌላ። ብዙ አላገኘም፤ ቢሆንም ያገኘውን አልነካውም። ገበሬው ደግሞ በዚያው ጊዜ ዓይኑ ላይ ጉም የመሰለ ነገር መጣበት። በፊት ከሩቅ ያለው ጠፋው፤ ከዚያ ትልሙን ከድንበሩ መለየት አቃተው። ሰውን በድምፁ ማወቅ ጀመረ። ጸበል ሞከረ፤ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሄደ። ለልጁም ሆነ ለጎረቤት ግን አልተናገረም። «ትንሽ ደክሞኛል» ይላል እንጂ አላይም አይልም።

አንድ ረፋድ ልጁ በሬ እየነዳ መጣ። በረቱ ውስጥ አስገባና አባቱን እጁን ይዞ ወሰደው። ገበሬው ቀንዱን ዳሰሰ፤ ሻኛውን ጨበጠ፤ እጁን በጀርባው ላይ እያሳለፈ እስከ ጅራቱ ሄደ።

«በሬ ነው» አለ።

«አዎ አባባ፤ በሬ ነው።»

ገበሬው ፊቱን ወደ ልጁ መለሰ። «እንግዲህ መሐላዬ ተፈታ። በል ውሰደኝ፤ ግድግዳውን ልየው።»

ልጁ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ምነው? ትልቅ ግድግዳ አይደለም እንዴ? ጥላ ጥላው ይታየኛል።»

ሄዱ። ልጁ በቀስታ እየመራ አስገባውና ከሥዕሉ ፊት አቆመው። ብርሃን በበሩ ገብቶ ግድግዳው ላይ አርፎ ነበር። ገበሬው አንገቱን አሰገገ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ፤ ደግሞ ጨፍኖ ገለጠ። ነጭ ጉም ብቻ ነው ያየው። እጁን ዘርግቶ ሊነካ ሲል የቀዘቀዘ ልስን አገኘ።

እዚያ አንዲት አሮጊት ቆመው ይጸልዩ ነበር። የሚስቱ ጓደኛ ነበሩ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው ውሃ የቀዱ። የገበሬውን እጅ ግድግዳው ላይ ሲንከራተት ቢያዩ አላስቻላቸውም።

«ወንድሜ፣ ከዚያ ላይ አይደለችም፤ ወደ ግራህ ናት» አሉት።

«ማን?»

አሮጊቷ ልጁን አዩት። ልጁ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። «ሰሎሜን ያደረጋት እኮ ሚስትህን ነው» አሉ። «ስልቻዋን አዝላ፣ ያችው እሷው። እኛማ ስትናፍቀን እየመጣን እናያታለን። አንተ ግን ስለማልህ…»

ገበሬው እጁን ከግድግዳው አላነሣም። «ደክሟታል?» አለ።

የመለሰው ልጁ ነው።

«ደክሟታል አባባ። ጉልበቷ ዕጥፍ ብሏል፤ ነጠላዋ በላብ አንገቷ ላይ ተጣብቋል። አልዋሸሁም፤ እንደ ድካሟ ነው የሣልኋት።»

«ፊቷስ?»

«ፊቷ ሲያበራ ነው።»

«እንዴት ያበራል? ይገድላት በነበረ መንገድ ላይ?»

«ሁልጊዜ እንደዚያ ሆና ነበር የምትደርሰው» አለ ልጁ። «እኔ ሮጬ ስልቻውን ላወርድላት ስል እጄን ትገፋውና ‹ቆይ፤ መጀመሪያ የሠራኸውን አሳየኝ› ትለኛለች። ሸክሟን ሳታወርድ ነው የምታየው። አይታ ስትጨርስ ነው የምትቀመጥ። ያን ጊዜ የነበራትን ፊት ነው የሣልሁት።»

ገበሬው መሬት ላይ ተቀመጠ። ለብዙ ዓመት በልቡ ይዟት የኖረው ሌላ ሴት ነበረች፤ ተበድላ፣ ተማርራ፣ ለልጇ ትምህርት ስትል በመንገድ ያለቀች ሴት። ያችን ሴት ሲያለቅስላት ኖረ። ስትደርስ የሚኖራትን ፊት አላወቀም፤ አብሯት ሄዶ አያውቅማ።

«በረቱን ሳይ ኖርሁ» አለ፤ «እሷ እዚህ ቆማ ስትጠብቀኝ።»

ልጁ ከጎኑ ተቀመጠና ትከሻውን ያዘው። ገበሬው የልጁን እጅ ፈልጎ አገኘና ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ የበሬውን ቀንድ እንደ ዳሰሰው ሳይሆን፣ እናት አራስ ልጇን እንደምትዳስስ። «በተዝካሯ ዕለት ያልሁህን ይቅር በለኝ» አለው። ልጁም ይቅር አለው። ከዚያ ወዲያ ገበሬው እስኪሞት ድረስ ከውስጥ ነው ያስቀደሰው። እንግዳ ሰው ሲመጣ ከሥዕሉ ፊት ያቆምና «ምን ታያለህ? ንገረኝ» ይላል። ሰውም ይነግረዋል። አንዱ የሚያየውን ሌላው አያየውም፤ እርሱም ከሁሉም እየሰበሰበ ሚስቱን በልቡ ይሠራታል። ግን በሰው ዓይን የታየ ነው፤ በራሱ ዓይን አይደለም። ያንን ማንም ሊመልስለት አልቻለም።

ማንደፍሮ፣ የገበሬው ነገር ይኸው ነው። አሁን ወደ አንተ ልመለስ።

ይህን ሰምተህ ‹አባ ሚኒባሱን ሽጥ አሉኝ› ብለህ ለሚስትህ እንዳትነግር። አላልሁም። በሬው የእውነት በሬ ነበረ፤ ሲሸጥ ጎድሏል። ሴትየዋም የእውነት ሞታለች። ለትምህርት የሚከፈል ነገር ቀላል ነው የሚልህ ሰው ከፍሎ አያውቅም። ገበሬው መጀመሪያውኑ ‹አልሸጥም፤ አቅሜ አይፈቅድም› ቢል ኖሮ ማንም አይፈርድበትም ነበር።

ጥፋቱ ሌላ ነው። የሰጠውን እያየ፣ የተሰጠውን ሳያይ መዘነ። ሚዛኑ ሁለት ሳሕን አለው፤ እርሱ በአንዱ ላይ በሬውን አስቀመጠ፣ ሚስቱን አስቀመጠ፤ ሌላውን ሳሕን ለማየት ግን መጀመሪያ በሬዬ ይመለስ አለ። በሬው ተመለሰ። ልጁ ከተማረው ሥራ በተገኘ ገንዘብ፣ በሐቅ ተመለሰ። አየህ፣ ያዋጣል ወይ ብለህ የምትጠይቀው ጥያቄ በገበሬው ላይ መልስ አግኝቷል፤ አዋጥቷል። ምን ጠቀመው?

እንግዲህ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ከተቀመጥህ ጀምሮ ስለ ክፍያው ነገርኸኝ፤ ስለ ሚኒባሱ ዋጋ ነገርኸኝ፤ የጎረቤትህ ልጅ ባንክ ገብታ ስለምታገኘው ደመወዝ ነገርኸኝ። ሐመልማል የምትሥለው ምንድን ነው? ሰው ነው? ዛፍ ነው? ሰፈራችሁን ነው? ስትሥል ፊቷ ምን ይመስላል?

አቀረቀርህ። አልወቅስህም፤ ከማለዳ እስከ ማታ መሪ ጨብጠህ የምትውል ሰው ነህ። ግን ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ያላዩት ሥራም አይመዘንም። የክፍያውን ልክ ኮሌጁ ነግሮሃል። ሌላውን ግን ኮሌጁም አይነግርህ፣ እኔም አልነግርህ፤ አንተው በዓይንህ ማየት አለብህ።

ስለዚህ ዛሬ ነገሩን አትወስን። ቤትህ ግባ፤ ጫማህን ሳታወልቅ ‹የሠራሽውን አሳዪኝ› በላት። ትደነግጥ ይሆናል፤ ምን አጠፋሁ ትል ይሆናል። ተቀመጥና እይ። ያልገባህን ጠይቃት። አይተህ ስታበቃ ‹ልጄ፣ አቅሜ አይችልም› ብትላት ታዝናለች፤ ግን አባቴ አይቶኝ ነው እንቢ ያለኝ ትላለች። ከዚህ ኀዘን ሰው ይነሣል። አይተህ ስታበቃ ‹ሂጂ› ብትላት ደግሞ፣ ከዚያ በኋላም በየጊዜው ሄደህ እይላት። ከፍለህ ካላየህ፣ ያን ጊዜ ነው ሚኒባስህ በከንቱ የሄደ።

በል ተነሥ፤ መንገዱ ሳይጨናነቅ። በእናንተ ሰፈር መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል፤ ሳይሄድ ድረስ።